ቁጥሩስ ይገኛል፣ መንገዱ ነው ጉዱ

ስልካችሁን አውጡና የዋይፋዩን ዝርዝር ክፈቱ። ደሴ ፒያሳ አንዱ ካፌ ውስጥ ከሆናችሁ ከ192.168 የሚጀምር ቁጥር ታዩ ይሆናል። ስልካችሁ የያዘው አይፒ አድራሻ እሱ ነው። አሁን ደግሞ ጉግል ላይ «አይፒ አድራሻዬ ስንት ነው» ብላችሁ ፈልጉ። ፍጹም ሌላ ቁጥር ይመጣል፤ ለምሳሌ ከ197.156 ወይም ከ196.188 የሚጀምር።

የትኛው ነው የእናንተ? እውነቱን ለመናገር ሁለቱም አይደሉም። የመጀመሪያውን ቁጥር ሐይቅም ላይ፣ ወልድያም ላይ፣ ብራዚልም ውስጥ ብዙ ሰው በዚሁ ሰዓት ይዞታል። ሁለተኛው የኦፕሬተሩ፣ ማለትም ኢንተርኔት የሚያቀርብላችሁ የቴሌኮም ድርጅት፣ ነው። ከጎናችሁ ማኪያቶ ከሚጠጣው ሰውዬ ጋር፣ ምናልባትም ኮምቦልቻ ካለ የማታውቁት ሰው ጋር ተጋርታችሁታል።

ኢንተርኔት ሲጀመር ሐሳቡ እንዲህ አልነበረም። እያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱ አድራሻ ይኖረዋል፣ ማንም ከማንም ጋር በቀጥታ ይገናኛል ነበር የተባለው። ያ ለምን እንደተበላሸ፣ እንዴት ይጠገን እንደተባለና ጥገናው ለምን እስከ ዛሬ እንዳላለቀ ላስረዳችሁ። ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ ቁጥሩ ማለቅ ነው። እኔ ግን የቁጥሩ ነገር ቀላሉ ይመስለኛል። ከባዱ መንገዱ ነው። (ዓመቶቹን የጻፍኳቸው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። በእኛ ብቀይራቸው ሌላ ቦታ ከምታነቡት ጋር ይምታቱባችኋል።)

4 ቢሊዮን ይበቃል ተብሎ

አብዛኛው ሰው ዛሬም የሚጠቀምበት የአድራሻ ሥርዓት አይፒቪ4 ይባላል። መመሪያው የወጣው በ1981 ነው። ጃንዋሪ 1 ቀን 1983 ደግሞ አርፓኔት የሚባለው የአሜሪካ የምርምር ኔትወርክ ሙሉ በሙሉ ወደ እሱ ዞረ። አድራሻው 32 ቢት ነው፤ 32 ቦታ ላይ 0 ወይም 1 ይጻፋል ማለት ነው። ይህ በድምሩ 4,294,967,296 የተለያዩ አድራሻዎችን ይሰጣል።

ያን ጊዜ ኔትወርኩ ላይ የነበሩት ኮምፒውተሮች በመቶ የሚቆጠሩ ነበሩ። ከነዳፊዎቹ አንዱ ቪንት ሰርፍ 32 ቢትን የመረጠው ለሙከራ ይበቃል ብሎ እንደነበር ደጋግሞ ተናግሯል። ሙከራው ግን ሳያልቅ ይኸው ዓለም ሁሉ ገባበት።

4 ቢሊዮን አድራሻ ለዓለም ሕዝብ እንኳ አንድ አንድ አይደርስም። የጎዳን ግን ማነሱ ብቻ አይደለም፤ አከፋፈሉም ነው። መጀመሪያ ላይ አድራሻ የሚታደለው በሦስት መጠን ብቻ ነበር። ትልቁ 16.7 ሚሊዮን፣ መካከለኛው 65,536፣ ትንሹ 256። 2,000 ኮምፒውተር ያለው ዩኒቨርሲቲ 256ቱ ስለማይበቃው 65,536 ይወስዳል፤ የቀረው ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ኤምአይቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ብቻውን ትልቁን መጠን፣ 16.7 ሚሊዮን አድራሻ ይዞ ነበር። አፕልም ፎርድም እንደዚያው። ኤምአይቲ ካላስፈለገው ላይ መሸጥ የጀመረው በ2017 ነው። ለመላው አፍሪካ የደረሰው ግን ከጠቅላላው 3 ከመቶ ገደማ ነው። ተንኮል ነበረበት አልልም። ቀድሞ የተሰለፈ ብዙ ወሰደ፣ እኛ ስንደርስ ሰልፉ አልቆ ነበር።

መካከለኛው መጠን ሊያልቅ መሆኑ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ታወቀ። በ1993 ሳይደር የሚባል አሠራር መጣ። ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ በልኩ መስጠት ተቻለ፤ 512 የሚበቃው 512 ይወስዳል፣ 1,024 የሚያስፈልገው 1,024። ሳይደር ከዚህም የባሰ ሌላ ጣጣ አስታግሷል። እሱን ለመረዳት ግን መጀመሪያ መንገዱን ማየት ያስፈልጋል።

ላምበረት ላይ ያለው ሰው ምን ማወቅ አለበት?

ከአዲስ አበባ ኩታበር ላለች አክስታችሁ ዕቃ በመኪና ላካችሁ እንበል። ላምበረት መናኸሪያ ዕቃውን የሚቀበለው ሰው ኩታበር በየት በኩል እንደሆነች፣ የአክስታችሁ ቤት የት ጋ እንደሆነ ማወቅ የለበትም። በደሴ የሚያልፍ መሆኑን ካወቀ ይበቃዋል፤ የደሴ መኪና ላይ ይጭነዋል። ደሴ ላይ ያለው ሰው ደግሞ የኩታበርን መኪና ያውቃል። ኩታበር ከደረሰ በኋላ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ቤቱን ያውቃል። አንዳቸውም ሙሉውን ጉዞ አያውቁትም። እያንዳንዱ ቀጣዩን ብቻ ያውቃል፣ ዕቃው ግን ይደርሳል።

ኢንተርኔትም የሚሠራው እንዲሁ ነው። የምትልኩት ፎቶ ፓኬት በሚባሉ ትንንሽ ቁራጮች ተከፋፍሎ ይሄዳል። እያንዳንዱ ፓኬት ላይ የመድረሻው አድራሻ አለ። መንገድ ላይ ያሉት ራውተሮች (ፓኬት ተቀብለው የሚያሳልፉ መሣሪያዎች) የአድራሻውን የፊተኛ ክፍል አይተው ሰንጠረዣቸው ላይ ይፈልጉታል፤ ከዚያ ለሚቀጥለው ራውተር ያቀብላሉ።

ይህ የሚሠራው ቁጥሩ መንገዱን ሲከተል ብቻ ነው። የኩታበር፣ የሐይቅና የወረኢሉ አድራሻዎች ሁሉ በአንድ የጋራ ቁጥር ከጀመሩ፣ ሩቅ ላለው ራውተር አንድ መስመር ይበቃዋል፤ «እንዲህ የሚጀምር ሁሉ በደሴ በኩል ነው» የሚል። ሳይደር ያመጣው ትልቁ እፎይታ ይኸው ነው፤ ብዙ አድራሻን በአንድ መስመር መጠቅለል። በ1994 የዓለም ትልልቅ ራውተሮች የሚይዙት ሰንጠረዥ 20 ሺህ ገደማ መስመር ነበረው። መጠቅለሉ ባይመጣ ኖሮ የዚያን ጊዜ ራውተሮች ብዙም አይቆዩም ነበር።

አሁን አክስታችሁ አዳማ ገባች እንበል። አድራሻዋን ግን አልቀየረችም። «ኩታበር» ተብሎ የተጻፈ ዕቃ አዳማ ድረስ እንዲመጣላት ትፈልጋለች። እንግዲህ ላምበረት ያለው ሰው «የኩታበር ዕቃ በደሴ፣ የእሷ ብቻ በአዳማ» ብሎ ደብተሩ ላይ መጻፍ ሊኖርበት ነው። አንዲት አክስት ምንም አትል። ሚሊዮን አክስት ሲሆንስ? ደብተሩ ይሞላል። ደግሞ ደብተሩ የላምበረት ብቻ አይደለም፤ የዓለም መናኸሪያ ሁሉ ስሟን መጻፍ አለበት። በኢንተርኔቱም እንደዚያው ነው። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ማስታገሻው

ቁጥሩ እንዳያልቅ በ1994 «ናት» የሚባል መላ ታተመ። መላው ቀላል ነው። የካፌው ራውተር በውጭ በኩል አንድ አድራሻ ብቻ ይይዛል። ውስጥ ላሉት ስልኮች ደግሞ የግቢ ቁጥር ያድላል። ከ192.168፣ ከ10፣ እንዲሁም ከ172.16 እስከ 172.31 የሚጀምሩት ቁጥሮች ለዚህ ተብለው የተለዩ ናቸው። ማንም ሊጠቀምባቸው ይችላል፤ ከግቢ ውጭ ግን አይታወቁም። ፓኬት ሲወጣ ራውተሩ የማን እንደሆነ ይመዘግብና የራሱን አድራሻ ይለጥፍበታል። መልሱ ሲመጣ መዝገቡን አይቶ ለባለቤቱ ይሰጠዋል። መለያው ፖርት የሚባል ቁጥር ነው፤ 65,536 ፖርት ስላለ በአንድ አድራሻ ብዙ ሰው ይስተናገዳል።

ቆይቶ ኦፕሬተሮቹ ራሳቸው ይህንኑ በትልቁ መሥራት ጀመሩ። በ2012 ከ100.64 እስከ 100.127 ያለው ክፍል ለዚህ ሥራ ተለየ። ስለዚህ ካፌ ውስጥ ያለ ስልክ ሁለት ጊዜ ሊሸፈን ይችላል፤ አንዴ በካፌው፣ አንዴ በኦፕሬተሩ።

«ታዲያ ምን ቸገረ? ቴሌግራሙም ቲክቶኩም ይሠራል» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ለሚጀመር ነገር ይሠራል። ከውጭ ወደ ውስጥ ለሚመጣው ነው ችግሩ። ጅዳ የሚሠራ የወሎ ልጅ ደሴ ሸዋ በር ያለ ሱቁን በካሜራ ማየት ፈለገ እንበል። በቀጥታ አይችልም፤ ሱቁ ዓለም የሚያውቀው አድራሻ የለውማ። ስለዚህ ካሜራው ውጭ አገር ወዳለው የአምራቹ ሰርቨር (አገልግሎት ሰጪ ኮምፒውተር) ይደውላል። ልጁም ከጅዳ ወደዚያው ሰርቨር ይደውላል። እዚያ ይገናኛሉ። የሱቁ ምስል በማያውቁት ሰው ቤት አልፎ ነው የሚደርሰው። ኩባንያው ነገ በወር ክፈሉ ካለ ወይም ሰርቨሩን ከዘጋው ካሜራው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

አድራሻ መጋራት ሌላም መዘዝ አለው። ከተጋሩት አንዱ ስፓም ከላከ ቅጣቱ ለሁሉም ነው። «ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ» እያለ የትራፊክ መብራት አስመርጦ የሚያሰለቻችሁ ገጽ ብዙ ጊዜ የሚጠረጥረው እናንተን ሳይሆን አድራሻችሁን ነው። ኦንላይን ጌም የሚጫወቱ ልጆች ደግሞ ይህን ነገር ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ጓደኛቸው የከፈተው ጨዋታ ውስጥ መግባት ሲያቅታቸው ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የ«ናት» ነው።

ያም ሆኖ ለብዙ ዓመት ፋታ ሰጥቶናል። ፋታው ያለቀው ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2011 ነው። የዓለም ዋና ክምችት የመጨረሻዎቹን አምስት ትልልቅ ክፍሎች ለአምስቱ አህጉራዊ መዝገቦች አንድ አንድ አድሎ ባዶውን ቀረ። የእኛ መዝገብ አፍሪኒክ ይባላል፤ ቢሮው ሞሪሽየስ ነው። አምስቱም ተራ በተራ አለቀባቸው ወይም ወደ ማለቁ ደረሱ። አፍሪኒክ ከ2020 መጀመሪያ አንስቶ ለአንድ ጠያቂ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ቢበዛ 1,024 አድራሻ ሆኗል። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላለው አገር 1,024 ምን ያደርጋል?

ከዚያ ወዲያ ያለው ገበያ ነው። በ2011 ማይክሮሶፍት ኖርቴል ከሚባል የከሰረ ኩባንያ 666,624 አድራሻ በ7.5 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። አንዱ 11 ዶላር ከሩብ መጣ ማለት ነው። ኋላ ላይ የአንዱ ዋጋ ከ50 ዶላር ያለፈበት ጊዜም ነበር። አማዞን ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ሰርቨር የሚከራዩትን ለእያንዳንዱ አይፒቪ4 አድራሻ በሰዓት ግማሽ የአሜሪካ ሳንቲም ያስከፍላል። በወር 3 ዶላር ተኩል ይሆናል። ለኩባንያ ምንም አይደል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሮ የራሱን ነገር ሊሞክር ለሚፈልግ ልጅ ግን፣ መጀመሪያ ዶላሩን ከየት ያምጣ?

አዲሱ አድራሻ

ቁጥሩ እንደሚያልቅ የተረዱት መሐንዲሶች ምትክ መፈለግ የጀመሩት በ1992 ገደማ ነው። ያኔ ትልቅ ጠብ ነበር። የኢንተርኔቱ ሽማግሌዎች ጉባኤ ከሌላ ጎራ የመጣ፣ የተዘጋጀ አሠራር እንውሰድ ወደሚለው አዘነበለ። መሐንዲሶቹ አመጹ። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ በ1994 ከቀረቡት ሐሳቦች አንዱ ተመረጠ። ያ ሐሳብ መጀመሪያ አድራሻው 64 ቢት ይሁን ይል ነበር፤ ዳግመኛ እንዳንቸገር ተብሎ ወደ 128 ቢት ከፍ አለ። አይፒቪ6 የተባለው እሱ ነው። የመጀመሪያው መመሪያ በ1995 መጨረሻ ወጣ፤ የመጨረሻውን የደረጃ ማዕረግ ያገኘው ግን በ2017 ነው።

መጠኑን በዜሮ ብዛት መንገር ምንም አይገባም። በሌላ መንገድ ልንገራችሁ። በአይፒቪ6 ለአንድ ቤት የሚሰጠው ትንሹ ኔትወርክ ውስጥ ያለው የአድራሻ ብዛት፣ የዛሬው 4.3 ቢሊዮን በራሱ ሲባዛ የሚመጣው ነው። ለአንድ ቤት! አፍሪኒክ ለአንድ ኦፕሬተር የሚሰጠው ትንሹ ድርሻ ደግሞ እንዲህ ያሉ ቤቶችን 4.3 ቢሊዮን ይይዛል። የደሴ ሰው ሁሉ፣ ስልኩም፣ ካሜራውም፣ የውሃ ቆጣሪውም ቢገባበት ገና ምኑም አልተነካም። የጅዳው ልጅ ካሜራም የራሱ አድራሻ ይኖረዋል። ፋየርዎሉን (ያልተፈለገ ግንኙነት የሚከለክለውን አጥር) ማስተካከል ይቀረዋል እንጂ በሰው ቤት ማለፍ አይጠበቅበትም።

ታዲያ ለምን ይህን ያህል ዘገየ? ምክንያቱ አዲሱ ከአሮጌው ጋር በቀጥታ አለመነጋገሩ ነው። አይፒቪ6 ብቻ ያለው ስልክ አይፒቪ4 ብቻ ካለው ሰርቨር ጋር ያለ አስተርጓሚ አይግባባም። ስለዚህ ኦፕሬተሩ ለዓመታት ሁለቱንም ጎን ለጎን ማስኬድ አለበት። ወጪው ዛሬ ነው፤ ጥቅሙ ግን ሌላው ሁሉ ሲገባ ነው የሚመጣው። ሁሉም ሌላውን ሲጠብቅ ሃያ ዓመት አለፈ።

«ለምን በቃ በአሮጌው ላይ ጥቂት ቁጥር አይጨምሩበትም ነበር?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። ነዳፊዎቹን የሚወቅሱበት ብዙ ነገር አለ፤ በዚህኛው ግን አልወቅሳቸውም። አሮጌ ራውተር የሚያነበው 32 ቢት ብቻ ነው። 33ኛውን ከጨመራችሁበት አያውቀውም። አንድም ጨመራችሁ 96፣ ዓለምን ሁሉ መቀየራችሁ አይቀርም።

ችግሩ የጠናበት ነው ቀድሞ የተንቀሳቀሰው። ጂዮ የሚባለው የሕንድ ሞባይል ኦፕሬተር በ2016 ሥራ ሲጀምር ለዚያ ሁሉ ደንበኛ የሚሆን አሮጌ አድራሻ ከየትም አያገኝም ነበር። ስለዚህ ከመጀመሪያው በአይፒቪ6 ገነባው። ዛሬ ሕንድ በአይፒቪ6 አጠቃቀም ከዓለም ግንባር ቀደሞቹ ውስጥ ናት። ጉግል ከሚጠቀሙት ሰዎች ግማሽ ያህሉ አሁን በአይፒቪ6 ነው የሚገቡት። ዘገየ እንጂ አልሞተም።

ደብተሩ ግን እየወፈረ ነው

እንግዲህ ወደ አክስታችን። አይፒቪ6 ቁጥር በገፍ ሰጥቷል። ስለ ላምበረቱ ደብተር ግን ያደረገው ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያለ አንድ ፋብሪካ ኢንተርኔት እንዳይቋረጥበት ፈለገ እንበል። ከኢትዮ ቴሌኮምም ከሳፋሪኮምም መስመር ያስገባል። ብልህ ነው። ግን አንድ አድራሻ በሁለቱም በኩል እንዲሠራለት ከፈለገ፣ ከሁለቱ ኦፕሬተሮች የማንኛቸውም ያልሆነ የራሱን የአድራሻ ክፍል ይዞ ለዓለም ማሳወቅ አለበት። በሁለቱም በኩል «እኔ እዚህ ነኝ» ይላል። ያቺ አንዲት መስመር ቶኪዮ ያለው ትልቅ ራውተር ላይ ትጻፋለች። ሳኦ ፓውሎም፣ ፍራንክፈርትም። ከፋብሪካው ጋር በሕይወታቸው ፓኬት ያልተለዋወጡ ሁሉ ስለ እሱ ቦታ ይይዛሉ። ጥቅሙ የእሱ ነው፤ ወጪው ግን የሁሉም። ለማስታወሻው ቦታ ማንም ስለማያስከፍል ማንም አይቆጥብም።

ሌሎችም ሰበቦች አሉ። አድራሻ እየተቆራረጠ ሲሸጥ በአንድ መስመር የነበረው አሥር ይሆናል። ኦፕሬተሮችም ትራፊኩን በፈለጉት በር ለማስገባት ሆን ብለው ክፍላቸውን ይከፋፍሉታል። በ2006 የዓለም ሰንጠረዥ 200 ሺህ ገደማ መስመር ነበረው። አሁን የአይፒቪ4ቱ ብቻ 1 ሚሊዮን ገደማ ደርሷል። የአይፒቪ6ቱም ከ200 ሺህ አልፏል።

ይህ የወረቀት ላይ ስጋት ብቻ አይደለም። ኦገስት 12 ቀን 2014 አንድ ትልቅ የአሜሪካ ኦፕሬተር በስህተት 15 ሺህ ገደማ አዳዲስ መስመሮችን ለዓለም ለቀቀ። ሰንጠረዡ 512 ሺህን ተሻገረ። ብዙ አሮጌ ራውተሮች መያዝ የሚችሉት ልክ እስከዚያ ነበር። ከዚያ በላይ ሲሆን አንዳንዱ ተንቀራፈፈ፣ አንዳንዱ መንገድ መርሳት ጀመረ። በየቦታው ድረ ገጾች ለሰዓታት ተንገዳገዱ።

ሥሩ ምንድን ነው ቢባል፣ አይፒ አድራሻ ሁለት ሥራ በአንድ ላይ መያዙ ነው። «ማን ነህ?» ለሚለውም መልሱ እሱ ነው፣ «የት ነህ?» ለሚለውም መልሱ እሱው ነው። አክስታችን ማንነቷ አልተቀየረም፤ ቦታዋ እንጂ። ሁለቱ አንድ ቁጥር ላይ ስለተጻፉ ግን ወይ አድራሻዋን ትለውጣለች፣ ወይ ዓለም ሁሉ ደብተሩን ያስተካክልላታል።

ይህን ማስተካከል የሚቻልበት ዕድል አንድ ጊዜ በእጅ ነበር። በ1996 ማይክ ኦዴል የተባለ መሐንዲስ የአይፒቪ6ን 128 ቢት ለሁለት እንክፈለው አለ። 64ቱ የቦታ፣ 64ቱ የማንነት። ቦታ ስትቀይር የፊተኛው ብቻ ይቀየራል፣ ማንነትህ እንዳለ ይቆያል። በ1997 ተሰብስበው መከሩበትና ሳይቀበሉት ቀሩ። አንዱ ሌላውን ነኝ ብሎ እንዳያጭበረብር ማረጋገጫው አልተገኘም ነበር። ሥጋታቸው ልክ ነው። ግን ያኔ ኔትወርኩ ትንሽ ነበር፤ እንደዚያ ዓይነት ዕድል መልሶ አልመጣም።

በኦክቶበር 2006 አምስተርዳም ላይ የኢንተርኔቱ አርክቴክቶች እንደገና ተሰበሰቡ። ቁጥር ከማለቁ በላይ የሰንጠረዡ ማበጥ ያሳስባል ብለው ወጡ። ማንነትና ቦታ ይለያዩ የሚሉ ሐሳቦች ጎረፉ። ከነሱ በጣም የገፋው ሊስፕ ነው፤ መመሪያው በ2013 ወጣ። ሊስፕ የማንነቱን ቁጥር ዋናው መንገድ ላይ አያወጣውም። ዳር ላይ ያለው ራውተር «ይህ ሰው አሁን የት ነው ያለው?» ብሎ አንድ መዝገብ ይጠይቅና የቦታ ቁጥር ለጥፎ ይልካል። አሁን በትልልቅ ድርጅቶች የውስጥ ኔትወርክ ይሠራበታል። መላውን ኢንተርኔት ግን አልያዘም። መዝገቡን ማን ይይዘዋል? መዝገቡ ቢዘገይስ? ቢጠለፍስ? ከዚያም በላይ፣ መጀመሪያ የሚያስገባው ሰው የሚያገኘው ጥቅም ጥቂት ነው። እንደ አይፒቪ6 እሱም እዚያው ላይ ተሰናከለ።

እስከዚያው የማስታወሻ ቺፕ ረከሰ፣ ራውተሮችም ጠነከሩ። የተፈራው ቀን በተፈራው ልክ አልመጣም። ይህን የሚያነሱና «አያችሁ፣ ሲያስፈራሩን ነበር» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ትልልቆቹ አቅም ስላላቸው ነው የተወጡት። አነስተኛ ኦፕሬተር ግን ሙሉውን ሰንጠረዥ የሚይዝ ራውተር በውጭ ምንዛሪ ሲገዛ ያቺን የማያውቃትን አክስት ሁሉ ሒሳብ እየከፈለ ነው።

የሚገርመው መፍትሔው በጓሮ በር መግባቱ ነው። በ2021 መመሪያው የወጣ ክዊክ የሚባል አሠራር አለ። ዩቲዩብና ሌሎችም ትልልቅ አገልግሎቶች ይጠቀሙበታል። ክዊክ ግንኙነቱን በአይፒ አድራሻ ሳይሆን በራሱ መለያ ቁጥር ሊያውቀው ይችላል። ከካፌው ዋይፋይ ወጥታችሁ በሞባይል ዳታ ስትቀጥሉ አድራሻችሁ ይቀየራል፤ ግንኙነቱ ግን ሳይበጠስ መቀጠል ይችላል። ማንነትና ቦታ ተለያዩ ማለት ነው፤ ኔትወርኩ ላይ ሳይሆን አፑ ውስጥ። በሩ ለትልልቆቹ አፖች ይበልጥ መከፈቱ ብዙም አያስደስተኝም። ግን ይሠራል።

ከመንገዱ ሳልወጣ ስለ እምነት ትንሽ ልበል። ራውተሮች «እንዲህ የሚጀምር አድራሻ እኔ ጋ ነው» የሚባባሉበት ቋንቋ ቢጂፒ ይባላል። በ1989 ሁለት መሐንዲሶች ምሳ ላይ ናፕኪን ላይ ነው የነደፉት ይባላል። ሁሉም እውነት ይናገራል ብሎ የሚነሳ ነው። ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2008 የፓኪስታን ቴሌኮም ዩቲዩብን አገሩ ውስጥ ሊዘጋ ፈልጎ «ዩቲዩብ እኔ ጋ ነው» ብሎ ጻፈ። ነገሩ ከአገር አፈተለከና የዓለም ፓኬት ወደ ፓኪስታን ጎረፈ። ዩቲዩብ ለሁለት ሰዓት ያህል ከብዙው ዓለም ጠፋ። አሁን አርፒኬአይ የሚባል፣ አድራሻው የማን እንደሆነ በፊርማ የሚያረጋግጥ ሥርዓት እየተስፋፋ ነው።

ወደ እኛ ሰፈር ስንመጣ

ይህ ሁሉ ሲሆን ደሴ ላይ ኢንተርኔት ይፈጥናል ወይ? አይ። አይፒቪ6 ፋይበር አይዘረጋም። መንገድ ሲቆፈር መስመር ከተቆረጠ ምርጡ ራውተር እንኳ የሌለ መንገድ አይፈጥርም፤ ሌላ አማራጭ መስመር ካለ ብቻ ነው የሚዞረው። ስለዚህ ለወሎ የሚያስፈልገው አንደኛው ነገር ሁለተኛ መስመር ነው። አድራሻው ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል።

አድራሻውን በተመለከተ ግን እኛ ጋ ገና ያልተበላሸ ዕድል አለ። አይፒቪ6ን እንደ አዲስ የሚያስገባ ኦፕሬተር ቁጥሩን ከመጀመሪያው በወግ መደልደል ይችላል። እዚህ ላይ ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ በአስተዳደር ካርታ መደልደል ነው፤ ለክልል እንዲህ፣ ለዞን እንዲህ እያሉ። አያዋጣም። የክልሎቻችን ቁጥር ከ2020 ወዲህ ከ9 ወደ 12 አድጓል። ለክልል 4 ቢት የመደበ ሰው 16 ቦታ ብቻ ነው ያለው፤ 12 ክልልና 2 ከተማ አስተዳደር ሲደመሩ 14። ሁለት ቦታ ቀረው!

ባቲን ውሰዱ። በአስተዳደር ከከሚሴ ጋር አንድ ዞን ናት። መንገዷ ግን በኮምቦልቻ ነው። ቁጥሯን ከከሚሴ ጋር ከጠቀለላችሁት ኮምቦልቻ ያለው ራውተር ለባቲ የተለየ መስመር መጻፍ አለበት፤ ያቺ አክስት እንደገና መጣች። ቁጥሯን ከኮምቦልቻ ሥር ካደረጋችሁት አንድ መስመር ይበቃል። ዞኑ ነገ ቢቀየር እንኳ ፋይበሩ እዚያው ስለሆነ ምንም የሚነካ ነገር የለም። እንግዲህ ድልድሉ ፋይበሩ በሚሄድበት ይሁን፤ በየመገናኛውም ባዶ ቦታ ይተው። ኮምቦልቻ ዛሬ 16 ክፍል ቢበቃት 256 ይያዝላት። በአይፒቪ4 ዘመን ይህ ብክነት ነበር። አሁን ባዶ ቁጥር ዋጋ የለውም፤ ዋጋ ያለው ደብተሩ ላይ የምትጻፈው መስመር ናት።